ብጉሩ ከሄደ በኋላ

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ተጓዡ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ሲያደርቀው ያደረ ፊት ኮምቦልቻ ሲደርስ ላብና ወዝ ያወጣል። ከሐይቅ ከተማ በስተምሥራቅ ካለችው ከቢስቲማ፣ ከወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ፣ የሚመጣው ወጣት ደግሞ የለመደው አየር ሌላ ነው፤ ወረዳው ከደጋው ተነስቶ ወደ አፋር ቆላ የሚዘልቅ ነውና። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹን ከከፈተ ወዲህ በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው ወጣት በዝቷል። የሚመላለሰውም ብጉር ፊትን መልቀቅ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ሆኖ ነው።

ብጉር ሲወጣ መካሪ አይታጣም። ጎረቤቱ፣ የክፍል ጓደኛው፣ የኮስሞቲክስ ቤት ሻጩ፣ ሁሉም የሚለው አለው። ብጉሩ ጠፍቶ ጥቁር ምልክትና የሚያሳክክ ደረቅ ቆዳ ሲቀር ግን ምክሩ ያው የድሮው ሆኖ ይቀጥላል፦ እሺው፣ አድርቂው፣ አጥሪው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ብጉር የሸኘ ፊት የሚፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት ነገር በአብዛኛው ርካሽ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ተቸግሮ የገዛው ነው።

ብጉር የሚነሳው በጉርምስና ሆርሞን የተቀሰቀሱ የወዝ ዕጢዎች ብዙ ወዝ ሲያመነጩ፣ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ቀዳዳውን ሲደፍኑትና በውስጡ የሚኖር ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለ ባክቴሪያ ሲራባ ነው። ከ12 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ከ100 ወጣቶች 85 ያህሉን በተለያየ ደረጃ ያገኛቸዋል። ከሃያዎቹ አጋማሽ በኋላ በአብዛኛው እየበረደ ይሄዳል፤ በተለይ በሴቶች ላይ እስከ ሠላሳዎቹና አርባዎቹ የሚዘልቅበትም ጊዜ አለ። የወዙ ዘመን ሲያልፍ ለወዛም ፊት የተለመደው አጠባበቅ አብሮ ማለፍ ነበረበት። ብዙ ጊዜ አያልፍም። በቀን አራት ጊዜ በሳሙና መታጠብ፣ በአልኮል መጥረግ፣ በስኳር ወይም በቡና አተላ መፈተግ እንደ ንጽሕና ልማድ ተቆጥሮ ይቀጥላል።

ይህ ልማድ የሚጎዳው ምኑን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የቆዳ የላይኛው ሽፋን በወሎ ገጠር እንደሚሠራው የድንጋይ ግድግዳ ነው፦ የደረቁት ሕዋሳት ድንጋዩ ናቸው፣ በመካከላቸው ያሉት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የተባሉ ቅባቶች ደግሞ ጭቃው። ሽፋኑ ከወረቀት የሳሳ ቢሆንም የሰውነትን ውኃ ይዞ የሚያስቀር፣ አቧራንና ጀርምን የሚመልስ እሱ ነው። ሳሙና የሚያጥበው እድፉን ብቻ አይደለም፤ ጭቃውንም ጭምር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሻዴና ማርኪዮኒኒ የተባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳዩት የቆዳ ገጽ በመጠኑ አሲዳማ ነው። በፒኤች መለኪያ 5 አካባቢ ይውላል። የተለመደው ሳሙና ከ9 እስከ 10 ነው። የዚህ መለኪያ አንድ እርምጃ አሥር እጥፍ ማለት ስለሆነ በ5 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት መቶ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ጤነኛ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በቀን አራት ጊዜ የሚታጠብ ፊት ግን የመመለሻ ፋታ አያገኝም። ከታጠቡ በኋላ ጉንጭ ላይ የሚሰማው መወጠር ብዙዎች የንጽሕና ምልክት ይመስላቸዋል። ቆዳው ቅባቱን ማጣቱን የሚናገርበት ምልክት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ ገንዘብ አያስወጣም። ጠዋት በለብታ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ መታጠብ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ማታ የቀኑን አቧራ፣ ላብና ቅባት ለማንሳት አንድ ጊዜ ለስለስ ባለ ማጽጃ መታጠብ ነው። የልብስ ሳሙና ፊት ላይ መድረስ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ዶቭ፣ ሳሙና ቢመስልም፣ አብዛኛው ይዘቱ ከተለመደው ሳሙና የተለየና የዋህ ማጽጃ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚሸጡ፣ ሽቶ የሌላቸው የፊት ማጽጃዎችም አሉ። የትኛውም ቢገዛ መመዘኛው አንድ ነው፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ፊቱ አይወጠርም። በደሴ ብርድ ፊትን በሞቀ ውኃ መታጠብ ደስ ይላል፤ ሙቅ ውኃ ግን ቅባቱን ይበልጥ አሟጦ ይወስዳል።

ቀጥሎ እርጥበት ነው፤ እዚህ ላይ በየቤቱ ያለው ቫዝሊን ያለ አግባብ ተንቋል። ታሪኩ የሚጀምረው በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓዶች ነው። ሠራተኞች ከመቆፈሪያው ዘንግ ላይ የሚጠርጉትን ወፍራም ቅባት ለቁስልና ለቃጠሎ ሲቀቡት ያየው ወጣቱ ኬሚስት ሮበርት ቼስብሮ አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበበት። ከዚያ ወዲህ የመጡ እጅግ ውድ ክሬሞች በአንድ ነገር አልበለጡትም፤ ቫዝሊን ከቆዳ የሚተነውን ውኃ እስከ 99 በመቶ ድረስ ሊገታ ይችላል። ሌሎች ዘይቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ ላይ ይቆማሉ።

«ቫዝሊን ብጉር ያመጣል» የሚለው ፍርሃት ትልቅ ነው። በብጉር ጥናት ስሙ ገኖ የሚጠራው አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ሥራ ንጹሕ ቫዝሊን የወዝ ቀዳዳን እንደማይደፍን አሳይቷል። የክሊግማን ስም ሲነሳ መዘለል የሌለበት ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 በፊላደልፊያ ሆልምስበርግ እስር ቤት ውስጥ ብዙዎቹ ጥቁሮች በሆኑ እስረኞች ላይ ሙከራ ሲያካሂድ ኖሯል። ስለ ቆዳ ከሚታወቀው አንዳንዱ እውቀት በእነዚህ ሰዎች ገላ የተገዛ ነው። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሕዝቦች ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚሰማቸው ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

አቀባቡ ላይ ነው ስህተቱ የሚፈጠረው። ቫዝሊን ውኃ አይሰጥም፤ ያለውን ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ፊት ታጥቦ ገና እርጥብ እንዳለ፣ የሽንብራ ፍሬ ከምታህል ባነሰ መጠን፣ በመዳፍ አሟሙቶ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን ደግሞ በተቃራኒው ውኃ ይስባል። በበጋው ደረቅ አየር ብቻውን ከተቀባ ግን የሚስበው ከራሱ ከቆዳው ነው፤ በእርጥብ ፊት ላይ ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን፣ ከላይ ስስ ቫዝሊን ቢደረግ ሁለቱ ይረዳዳሉ። በኮምቦልቻ ሙቀት ቫዝሊኑ ከከበደ ማታ ማታ ብቻ ማድረግ፣ ቀን ቀለል ያለ ሽቶ አልባ ሎሽን መጠቀም ይቻላል። ደሴ ላይ የበቃ ነገር ኮምቦልቻ ላይ ሊበዛ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ክሬም መግዛት አይጠበቅበትም፤ መጠኑን ይቀንሳል፣ ያ ብቻ ነው።

ቅቤስ? በወሎ ለጋ ቅቤ በራስ ላይ መቀባት ከጥንት የኖረ ነው፤ ለፀጉርና ለራስ ቅል ማለስለሻነቱም የታወቀ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀልጦ ወደ ግንባር ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 እነ ክሊግማን የፀጉር ቅባት አዘውትረው በሚጠቀሙ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ግንባርንና ጆሮ ግንድ አካባቢን የሚያጠቃ የተለየ ብጉር መዝግበዋል። ብጉሩ ከጉንጯ ጠፍቶ ከፀጉሯ ጠርዝ አልለቅ ያላት ሴት፣ ሌላ መድኃኒት ከመፈለጓ በፊት ቅቤውን ወይም የፀጉር ዘይቱን ከግንባሯ ራቅ አድርጋ ጥቂት ሳምንታት ብትጠብቅ ብዙ ጊዜ መልሱን ታገኘዋለች።

ከጓዳና ከገበያ የሚመጡት ሌሎቹ ግን በጥርጣሬ መታየት አለባቸው። ሎሚ ዋናው ነው። ጭማቂው ከቆዳ ይልቅ እጅግ አሲዳማ ከመሆኑም በላይ በገበያችን የሚሸጠው ትንሹ ሎሚ በፀሐይ ብርሃን የሚነቃ፣ ቆዳን የሚያቃጥልና ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ የሚሄድ ንጥረ ነገር አለው። ምልክት ለማጥፋት ሎሚ የተቀባ ሰው አዲስ ምልክት ሊያተርፍ ይችላል። ጥቁር አዝሙድ በወሎ ብዙ የተከበረ ነው፤ ዘይቱ ቆዳ ላይ ሲቀባ ብርቱ አለርጂ ያስነሳባቸው ሰዎች ግን በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

«የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ለሚለው አነጋገር እንዶድ ጥሩ መልስ ነው። አያቶቻችን ሸማ ያጥቡበት የነበረው ይህ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት የዶክተር አክሊሉ ለማን ዓይን ስቧል። እሳቸውም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር በታች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ግኝቱ ለዶክተር አክሊሉና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ብርቱ ነገር ደግሞ ለተጎዳ ፊት አይሆንም። ማርና እሬት ለብዙ ሰው የዋህ ናቸው፤ ቢሆንም መጀመሪያ ክንድ ላይ ለጥቂት ቀናት መሞከር አለባቸው።

አሁን ወደ ምልክቱ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በእሱ ነው፤ ነጋዴውም የሚኖረው በእሱ። ሁለት ዓይነት ነገር በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ጥቁር ምልክት ነው፦ ብጉሩ ሲያብጥ የቆዳ ቀለም የሚያመነጩት ሕዋሳት ተቆጥተው ትርፍ ቀለም ያፈሳሉ። ቆዳው ጠየም ባለ ቁጥር ይህ ይበረታል። ሁለተኛው ጉድጓድ ያለው ጠባሳ ነው፤ የውስጠኛው ቆዳ ሲፈርስ የሚቀር። ጥቁር ምልክት ላይኛው ቆዳ ውስጥ ከሆነ በወራት፣ ቢዘገይ በአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ራሱ ይደበዝዛል። ጠልቆ ገብቶ ወደ ግራጫ ካደላ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ጉድጓዱን ግን የትኛውም ክሬም አይሞላውም። በጣት ዳሰስ ተደርጎ ለጥ ያለ ከሆነ ቀለም ነው፤ ጎድጎድ ካለ ጠባሳ ነው። ይህን የለየ ሰው ከማይሠራ ክሬም ኪሱን ያድናል።

ቀለሙ እንዳይለቅ የሚያደርገው ፀሐይ ነው፤ ደሴ ደግሞ በዚህ ረገድ ታታልላለች። ብርዱና ጉሙ ፀሐይ የሌለ ያስመስላሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ግን በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል ትርፍ ጨረር ታገኛለች። ስስ ደመና አብዛኛውን ያሳልፋል። ከቀኑ ጨረር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚወርደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የማዲያት ችግር ያለባቸው ሴቶች ይህን ሰዓት በተለይ ሊጠነቀቁበት ይገባል።

ጥሩ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይረዳል። የመከላከያ ቁጥሩ 30 የሆነው ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 የሆነው 98 በመቶ ያህሉን ይከለክላል፤ ስለዚህ ለትልቁ ቁጥር እጥፍ መክፈል ትርጉም የለውም። ይህ የሚሆነው ግን በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ለፊትና ለአንገት ሲቀባ ነው። እንደዚያ ከተቀባ አንድ ቱቦ ቶሎ ያልቃል፤ ለተማሪም ሆነ ለፋብሪካ ሠራተኛ ኪስ ይከብዳል። እዚህ ላይ የሀገሩ ልብስ ቀድሞ መልስ ሰጥቷል። ደረብ የተደረገ ነጠላ፣ ግንባርን የሚሸፍን ሻሽ ወይም ሒጃብ፣ ሰፊ ጃንጥላ፣ የመንገዱን ጥላ ጎን ይዞ መሄድ፤ እነዚህ በላብ አይታጠቡም፣ በየሁለት ሰዓቱ አይደገሙም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት የሚታየው ብርሃን ራሱ ጠይም ቆዳን እንደሚያጠቁር አሳይቷል። ፊት ላይ ነጭ ሽፋን ከሚተወው የፀሐይ ክሬም ይልቅ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለ ቀለሙ ለጠይም ፊት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጨርቅና ጥላ ሁለቱንም ብርሃን ይቀንሳሉ።

ሁሉንም ልፋት በሳምንታት የሚያፈርሰው ግን ከኮስሞቲክስ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው የሚገኘው። «ይቺን ቀቢ እህቴ፣ በሳምንት ፊትሽ ይጠራል» ይላል ሻጩ። እውነቱን ነው፣ ይጠራል። በብዙዎቹ ቶሎ የሚያጠሩ ክሬሞች ውስጥ ያለው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ለኤክዜማና ለመሰል ሕመም ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው፤ እብጠትን ያጠፋል፣ ቀለምንም ያሳሳል። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፀጉር ያበቅላል፣ ጥቃቅን ብጉር ይወጣል። የተቀባችው ሴት ስታቆመው ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል፣ ብጉሩ ይግተለተላል። «እንግዲህ ካላደረግኩት ፊቴ ይበላሻል» ብላ ትመለስበታለች። አለቀቀኝም የምትለው ብጉር ክሬሙ ራሱ የወለደው ነው።

ከስቴሮይዱ ጋር ብዙ ጊዜ ሃይድሮኪኖን አለ። ይህን ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ደቡብ አፍሪካውያን ሴቶች በማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት መጠቃታቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘግቦ ነበር፤ ሀገሪቱ በ1990 የቆዳ ማቅያዎችን አገደች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2001 ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ ማቅያ ኮስሞቲክስ አወጣው። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው የውበት ምርቶች በ2020 እንዲቀሩ ደንግጎ ነበር፤ በ2023 ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን እንዳይገባ ጥብቅ ውሳኔ ተላለፈ። ሀገር ውስጥም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስን በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ቁጥጥሩ ግን ስም በሌለው ብልቃጥ፣ በቤት ተቀላቅሎ በቴሌግራም በሚሸጥ ክሬም ላይ ለመድረስ ይከብደዋል። ይዘቱ ያልተጻፈበት ክሬም ፊት ላይ መድረስ የለበትም፤ ዋጋው ስንትም ይሁን፣ የሸጠችው የቅርብ ዘመድም ትሁን።

ገበያው ራሱ ሰውን ወደዚያ ገፍቶታል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከዘረዘራቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች መካከል ኮስሞቲክስ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ፤ በዚያው ሰሞን ግን ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚመጣ ሴረም ዋጋው ሲንር አስመስሎ የሚሠራው ይበዛል። ሴራማይድ ያለው የታወቀ ክሬም በግማሽ ዋጋ ሲቀርብ፣ ቅናሹ መልካም ዕድል ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። በዚያ ገንዘብ እውነተኛ ቫዝሊንና ግሊሰሪን ለወራት ይገዛል።

ተረፍ ያለ ገንዘብ ካለ በአንድ ነገር ላይ ይዋል፤ በአምስት አይበተን። ምልክትንም ብጉርንም አብሮ የሚያክም አዜላይክ አሲድ ከሁሉ ይቀድማል፤ በእርግዝና ጊዜም ከሚፈቀዱት አንዱ ነው። ከ4 እስከ 5 በመቶ ኒያሲናማይድ ያለው ክሬም የዋህና ረከስ ያለ አማራጭ ነው። አዳፓሊን ጄል ብጉሩ አልፎ አልፎ ለሚመለስባቸው ይጠቅማል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን አትቀባውም። ሁሉም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። አዲስ ነገር ሲጀመር አንድ በአንድ መሆን አለበት፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የጀመረ ሰው ያቃጠለው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

የደቡብ ወሎ ሰው በዚህ ረገድ ብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሌላቸው ነገር አለው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና የታወቀ ተቋም ነው። ፊት ላይ የወጣ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ የብጉር ምልክት ነው ተብሎ መቀባባት አይገባም፤ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ በጊዜው ከተያዘም በመድኃኒት ይድናል። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም ለወራት የተቀባ ሰውም በአንድ ቀን ከሚያቆመው ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንዲያስቀረው ቢረዳው ይሻላል። ወደ ቦሩ ሜዳም ሆነ ደሴ ወዳለ የቆዳ ሐኪም ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ፣ ያለቀውን ቱቦና ስም የሌለውን ብልቃጥ ጭምር፣ ሳታፍሩ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ፊታችሁን ለማከም መጀመሪያ ምን እንደተቀባበት ማወቅ አለበት።